ናጂል እባብ ከሚመስል ዓሣ ጋር ያድናል የሚባለው እውነት ነው?

የጅዳዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅዳ ነው የምኖረው። እዚህ ዓሣ ገበያ እንደ ናጂል የሚወደድ የለም፣ ያ ቀላ ብሎ ሰውነቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው፣ ማዳም እንግዳ ካልመጣ የማታስገዛው። ሰሞኑን አንድ ጠላቂ «ይሄ ዓሣ እኮ ሞሬይን፣ ያን እባብ የሚመስል ዓሣ፣ ከዋሻው ጠርቶ አብሮት ያድናል» አለኝ። እያሾፈብኝ ነው? ዓሣ ዓሣን እንዴት ብሎ ነው የሚጠራው?

ባሕር ወዳድ፦ አላሾፈብሽም እህቴ። ናጂል ግሩፐር ከሚባሉት አዳኝ ዓሦች የቀይ ባሕሩ ነው፣ ኑሮው ኮራል ሪፍ (ባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ቋጥኝ) ላይ። ግብፅ ሲና ጫፍ ራስ መሐመድ ፓርክ ውስጥ ተመራማሪዎች ተከታትለውት በ2006 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ናጂል ቀን ቀን ገላጣ ውኃ ላይ በፍጥነት ተወርውሮ ነው የሚይዘው፣ ትንሿ ዓሣ የኮራል ስንጥቅ ውስጥ ከገባችበት ግን አለቀለት፣ ሰውነቱ አይገባለትም። ግዙፉ ሞሬይ ደግሞ ስንጥቅ ለስንጥቅ መሹለክ ያውቅበታል፣ ብቻውን ሲሆን በብዛት የሚያድነው ማታ ነው። ስለዚህ ናጂሉ ሞሬዩ ያረፈበት ድረስ ይሄድና ፊቱ ቆሞ ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ ያወዛውዛል። ሞሬዩ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ይከተለዋል። አንዳንዴ እንዲያውም ያመለጠችው ዓሣ የተደበቀችበት ስንጥቅ ላይ በአናቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ «እዚህ ናት» እንደማለት።

ተጠራጣሪው፦ ባክህ አታጋን። ሁለቱም አንድ ምግብ ሲያሳድዱ ተገናኙ፣ በቃ። ደግሞ ያገኙትን እንዴት ይካፈላሉ?

ባሕር ወዳድ፦ አይካፈሉም! ቁልፉ እሱ ነው። ሁለቱም የያዙትን እንዳለ ይውጣሉ፣ ስለዚህ የሚጣሉበት ቁራጭ አይተርፍም። ከሞሬይ ሸሽታ ወደ ውጭ የወጣችው የናጂል ናት፣ ከናጂል ሸሽታ ጉድጓድ የገባችው የሞሬይ። «ተገናኙ በቃ» ላልከው፣ ናጂሉ ሲርበው አዘውትሮ ይጠራል፣ ሲጠግብ ይተወዋል። በአጋጣሚ ቢሆን ረሃቡ ምን አገባው? አውስትራሊያ ያለው ዘመዱ ላይም በ2014 በሰው ሠራሽ ሞሬይ ሞክረው፣ የሚረዳውንና የማይረዳውን ቶሎ ለይቶ ወደሚረዳው ይሄድ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ የረሃቡ ነገር አሳመነኝ። ሰው ያደርገዋል ወይ ግን ያሰኛል 😄

ዓሣ ሻጭ፦ እኔ ስለ አደኑ አላውቅም፣ ትልቁን ስለ መግዛት ግን ልንገራችሁ። ግሩፐር ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ። አብዛኞቹ ዝርያዎች ሴት ሆነው ይጀምሩና ሲተልቁ ወደ ወንድ ይለወጣሉ። ሁሉም ሰው ትልቁን ካልሰጣችሁኝ ሲል እንግዲህ ወንዱ ከሪፉ ይሟጠጣል። በዚያ ላይ ዘር የሚተኩት በወቅቱ አንድ ቦታ ተሰብስበው ነው፣ ቦታውን ያወቀ ዓሣ አስጋሪ በአንዴ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

የጅዳዋ፦ ወይ ጉድ! ማዳም ሁሌ «ትልቁን አምጪ» ነው የምትለው። ቅዳሜ ስንሄድ መካከለኛውን እንድትወስድ እነግራታለሁ፣ ከሰማችኝ።