ክርክር፦ የጤና በጀት በበሽታ ጫና ይመደብ ወይስ በልዩነት?

ለክርክር የቀረበው፦ የጤና በጀት ለሁሉም አይዳረስም። ገንዘቡ ብዙ የሕይወት ዓመት ወደሚተርፍበት ይሂድ ወይስ፣ የሚተርፈው ዓመት ቢያንስም፣ ወደ ኋላ ለቀሩት ቅድሚያ ይሰጥ?

ዘሪሁን፦ በጫና ይመደብ እላለሁ። መለኪያው ዳሊ (DALY) የሚባለው የበሽታ ጫና መለኪያ ነው፤ ያለ ዕድሜ በመሞት የጠፉትንና ከሕመም ጋር የተኖሩትን ዓመታት ይደምራል። ሰው ሊኖረው ይችላል ተብሎ የተያዘው ማነጻጸሪያ ዕድሜ 86 ዓመት ከሆነ፣ በ30 ዓመቱ የሞተ ሰው 56 ዓመት ገደማ አጥቷል። ክብደቱ 0.2 የሆነ (0 ሙሉ ጤና፣ 1 ሞት) ሕመም ይዞ 10 ዓመት የኖረ ደግሞ 2 ዓመት። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ስሌት ይዞ ከመውጣቱ በፊት ቅድሚያ የሚወጣው በአብዛኛው በሞት ቁጥር ነበር። የማይገድሉት ድብርትና የወገብ ሕመም ከሒሳቡ ውጭ ነበሩ።

ሰናይት፦ ቀመሩ ገለልተኛ መስሎ እንዳይታየን። ያን ጊዜ የሕፃንና የአዛውንት ዓመት ከወጣት ዓመት ያነሰ ዋጋ ነበረው። የወደፊቱ ዓመት ደግሞ በየዓመቱ 3 በመቶ ይቀነስለት ስለነበር፣ ከ24 ዓመት በኋላ የሚገኝ ዓመት በግማሽ ገደማ ይቆጠር ነበር። ተመራማሪዎቹ ሱዲር አናንድና ካራ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን አጥብቀው ተቹ። የዕድሜ ክብደቱም ቅነሳውም የቀሩት እ.ኤ.አ. በ2010ሩ የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ነው። የማን ዓመት ስንት ይመዝናል የሚለውን ሰው ነው የሚወስነው።

ዘሪሁን፦ ልክ ነሽ፣ ግን ታርሟል። ዛሬ ድሃውም ሀብታሙም የሚለኩት በአንድ ማነጻጸሪያ ዕድሜ ነው። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ምንድን ነው?

ሚዛን፦ መለኪያው እኩል ቢሆንም አማካዩ ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ1,000 ሕፃናት ከድሆቹ 100፣ ከሀብታሞቹ 20 ይሞቱ ነበር እንበል። ከዓመታት በኋላ 60 እና 10 ሆኑ። ክፍተቱ ከ80 ወደ 50 ወረደ፤ የድሃው ልጅ የመሞት ዕድል ግን ከሀብታሙ 5 እጥፍ የነበረው 6 እጥፍ ሆነ። አንዱ ልዩነቱ ጠበበ፣ ሌላው ሰፋ ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ሪፖርት የሚያወጣ ሰው ሁለቱንም ካላሳየ የሚስማማውን መርጧል ማለት ነው።

ኤልሳቤጥ፦ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው። ሞት በማይመዘገብበት አካባቢ ጠያቂ ቤት ድረስ ሄዶ ቤተሰቡን ያነጋግራል፦ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ሳል ነበረው? ከመልሱ ሐኪም ወይም ኮምፒዩተር መንስኤውን ይገምታል። የመኪና አደጋን በደንብ ይለያል፤ ወባን ከሌላ ትኩሳት ለመለየት ግን ደካማ ነው። መረጃ ጭራሽ በሌለበት የግምት ስሌቱ (ሞዴሉ) ከጎረቤት አካባቢና ከገቢ፣ ከትምህርት ተነስቶ ይሞላዋል። ስለዚህ ግምት የሚበዛበት ቁጥር የድሆቹ ነው።

የደም ግፊትን እዩት። «ሐኪም ግፊት አለብህ ብሎህ ያውቃል?» ተብሎ ከተጠየቀ በሽታው የሀብታሞች መስሎ ይወጣል፤ ምልክት ስለሌለው ክሊኒክ ያልሄደ ሰው አያውቀውማ። መፍትሔው መለካት ነው፦ ሰውየውን አሳርፎ፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ የመጀመሪያውን ትቶ የኋለኞቹን ሁለት አማካይ መውሰድ። ይህ ሳይደረግ በጀት በጫና ይመደብ ማለት ምርመራ ላለው ምርመራ መጨመር ነው።

ዘሪሁን፦ በልኬቱ እስማማለሁ፤ መረጃው ይስተካከል። ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ቅርብ ቦታ 100 ሰው፣ ሩቅ ቦታ 60 ሰው ማዳን ቢቻልና ሩቁን ብንመርጥ፣ ለ40ዎቹ ማን ይመልስላቸዋል?

ሰናይት፦ ያ ሒሳብ የሚሠራው ቅርብ ያሉት 100 ሰዎች ገና ካልተደረሱ ነው። ክትባት 90 በመቶ በደረሰበት ቦታ የቀሩትን 10 በመቶ ለማግኘት ለአንድ ልጅ የሚወጣው ብዙ ነው፤ 40 በመቶ ላይ ባለበት ቦታ ግን ገና ብዙ ያልተነካ አለ። ስለዚህ የሚነጻጸረው አማካይ ወጪ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰው የሚያስወጣው ነው። እንዲህ ሲሰላ ሩቁ ብዙ ጊዜ አትራፊ ይሆናል። የጤና ተመራማሪው ቪክቶራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት ደግሞ አዲስ አገልግሎት መጀመሪያ የሚደርሰው ለደህና ኗሪው ነው፤ ዝም ከተባለ ልዩነቱ መጀመሪያ ይሰፋል።

ሚዛን፦ የጤና ልዩነት ተመራማሪው ማርሞት እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረበው መንገድ ለሁለታችሁም ይበቃል፦ አገልግሎቱ ለሁሉም ይሁን፣ መጠኑ ግን እንደ ችግሩ ይጨምር። ለድሃ ብቻ ተብሎ የተለየ አገልግሎት በጀት ሲቆረጥ ተሟጋች አይኖረውም። በተግባር ጫናው በአምስቱ የሀብት እርከኖች ተለይቶ ይሰላ፣ ከዚያ ለታችኛው እርከን ዓመት ተጨማሪ ክብደት ይሰጠው።

ዘሪሁን፦ በእርከን ይለይ የሚለውን እቀበላለሁ። ክብደቱ ግን 1.5 ይሁን 3 በጀቱ ከመከፋፈሉ በፊት በይፋ ይጻፍ፤ በዚያ ክብደት ምክንያት ከጠቅላላው ስንት ዓመት እንደሚታጣም አብሮ ይውጣ። ይህ ካልተደረገ አልደግፍም።

ኤልሳቤጥ፦ ከጎኑም የግምቱ ስፋት ይጻፍ፤ የታችኛው እርከን ቁጥር ስንቱ የተለካ፣ ስንቱ በሞዴል የተሞላ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚወጣ ክብደት ከባዶ ላይ የተባዛ ነው።