ለጨረቃ የታሰቡ የመስክ ሥነ ምድር ዘዴዎችን በምድር ላይ መፈተን ምን ያህል ያስተማምናል?

ጥያቄ፦
ለቀጣይ የጨረቃ ጉዞዎች የታሰቡ የመስክ ሥራ ዘዴዎች በበረሃና በእሳተ ገሞራ ሜዳዎች እንደሚሞከሩ አነባለሁ። ይሁን እንጂ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየር የለም፤ በደቡብ ዋልታዋ አካባቢም ፀሐይ ከአድማስ ብዙ ከፍ አትልም። ይህ ሁሉ በሌለበት ቦታ የተሞከረ ዘዴ ስለ ጨረቃ ሥራ ምን ሊያረጋግጥልን ይችላል?

መልስ 1፦
በመስክ የሚፈተነው በዋናነት የሰው ውሳኔ ነው፤ ይኸውም የትኛው አለት እንደሚመረጥ፣ ናሙናው ከመነሳቱ በፊት እንዴት ፎቶ እንደሚነሳ፣ ያዩትን በሬዲዮ ለሳይንቲስቶች እንዴት እንደሚገልጹ። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1967 በአሪዞና፣ በፍላግስታፍ አቅራቢያ፣ የጨረቃን ገጽ ፎቶ መሠረት አድርጎ ጉድጓዶችን በፈንጂ የሠራው ለዚሁ ልምምድ ነበር። የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች ዴቪድ ስኮትና ጄምስ አርዊን በጂኦሎጂስቱ ሊ ሲልቨር በመስክ በብርቱ ሠልጥነው ስለነበር፣ በ1971 ስፐር በተባለው ጉድጓድ ጠርዝ ያገኙትን ነጣ ያለ አለት አኖርቶሳይት (የጨረቃ የመጀመሪያ ቅርፊት የተሠራበት የአለት ዓይነት) ሳይሆን እንደማይቀር ገና እንዳዩት ተናግረዋል። ያ አለት ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የአፖሎ 14ም ታሪክ አብሮ ሊነሳ ይገባል። ጠፈርተኞቹ አላን ሼፐርድና ኤድጋር ሚቼል ሥልጠናም ካርታም ነበራቸው፤ ሆኖም በጨረቃ ላይ ያለውን የኮን ጉድጓድ አፋፍ ሊያገኙት አልቻሉም። በኋላ እንደታወቀው፣ ሲመለሱ የቀራቸው 30 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሩቁን ከቅርቡ የሚያደበዝዝ አየር፣ መጠኑ የሚታወቅ ዛፍም ሆነ ቤት በሌለበት ቦታ ዓይን ርቀትን መገመት ይሳነዋል። ይህ ችግር በቀን ብርሃን በሚደረግ ልምምድ አይታይም። ስለዚህ ናሳ በ2024 ጠፈርተኞቹ ኬት ሩቢንስና አንድሬ ዳግላስ የተሳተፉበትን የአሪዞና ሙከራ በሌሊትም ማካሄዱ ትክክል ነው እላለሁ። ብርሃን ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ የአለቱ አንድ ገጽ ያንጸባርቃል፣ ሌላው ይጠቁራል፤ ጂኦሎጂስት የሚመካባቸው ቀለምና የቅንጣት መጠንም በጥላ ውስጥ ይጠፋሉ።

መልስ 3፦
ሁሉንም ሁኔታ የሚያሟላ አንድ ቦታ ስለሌለ ጥያቄውን መከፋፈል ይሻላል። የስበት ጉዳይ በመዋኛ ገንዳና በልዩ የአውሮፕላን በረራ ይፈተናል፤ አኖርቶሳይትን ለመለየት ደግሞ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሠልጣኞቹን ወደ ኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ይወስዳል። እኔ አጥብቄ የምለው ግን ማነጻጸሪያ እንዲኖር ነው። የቦታውን ሥነ ምድር አስቀድሞ በነጻነት ያጠና ቡድን ይኑር፤ ተፈታኞቹ ይህን ሳያውቁ፣ የጠፈር ልብስ ለብሰውና ሰዓት ተገድቦባቸው ይሥሩ፤ ከዚያ ሁለቱ ካርታዎች ጎን ለጎን ይታዩ። ተፈታኞቹ ያላዩት የአለት ዓይነት ወይም የተሳሳቱበት የንብርብር ቅደም ተከተል ካለ፣ ዘዴው የት ላይ እንደሚደክም የሚታወቀው ያኔ ነው። ያለዚህ ንጽጽር የሚደረግ የመስክ ጉዞ ለቡድኑ ልምድ ይጨምር ይሆናል እንጂ ዘዴውን ፈተነ ማለት አይቻልም።