ሆብጎብሊን፦ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት አገልጋይ እንዴት የጨዋታ ወታደር ሆነ?

ባለዳይሱ (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ከጓደኞቼ ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን፣ ተጫዋቾች ዳይስ እየጣሉ የምናብ ጀግኖችን የሚጫወቱበትን ጨዋታ እንጫወታለን፤ ጨዋታውን የምመራውም እኔ ነኝ። ለሚቀጥለው ዙር በሆብጎብሊኖች የተያዘ ምሽግ እያዘጋጀሁ ስለ አመጣጣቸው ሳነብ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የጨዋታው የፍጡራን መጽሐፍ ሆብጎብሊንን የሚያቀርበው ጥሩር ለብሶ ጋሻ ያነገበ፣ በማዕረግ የተደራጀና ማግሉቢየት ለተባለ የጦርነት አምላክ የተገዛ ወታደር አድርጎ ነው። ተራው ሆብጎብሊን ብቻውን ሲገኝ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሕይወት ነጥቡ 11 ብቻ ነው። ነገር ግን ከሚመታው ጠላት አጠገብ ሌላ ጓደኛው ከቆመ የምቱ ጉዳት በሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ስለሚጨምር፣ ሰልፍ ይዘው ሲመጡ ጀማሪ ተጫዋቾችን በቀላሉ ይጨርሷቸዋል።

የእንግሊዝ ተረቶች ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠሩት ሌሊት ቤት የሚጠርግ፣ እህል የሚፈጭና ወተት የሚቀመጥለት ትንሽ ፍጡር ነው። እነዚህ ሁለቱ እንዴት በአንድ ስም ሊጠሩ ቻሉ? የተረቱ ሆብጎብሊን ልብስ ሲሰጡት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል የሚባለውስ ምክንያቱ ምንድን ነው?

የማታ ተራኪ

ስለ ጨዋታው የሚያውቁ ሌሎች አባላት ይመልሱልዎታል፤ እኔ በተረቱ ላይ ልቆይ። በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይም በዮርክሸር ገላጣ ኮረብታዎች አካባቢ፣ ሆብ የሚባለው የሆብጎብሊን ዘመድ ፍጡር ከአንድ የእርሻ ቤት ወይም ከአንድ ዋሻ ጋር የተቆራኘ እንጂ በጭፍራ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ግሌዝዴል በተባለው ሸለቆ፣ ሃርት ሆል በተሰኘው የእርሻ ቤት ይኖር የነበረው ሆብ ሌሊት ሌሊት እህል ሲወቃ ያድር ነበር። አንድ ቀን ድርቆሽ የጫነ ጋሪ መንኰራኩሩ በድንጋዮች መካከል ተሰንቅሮ አልነቃነቅ ይላል፤ ሰዎቹ ታግለው ታግለው ሲያቅታቸው ትተውት ይተኛሉ፤ ሲነጋ ግን ጋሪው ተላቅቆ ግቢ ውስጥ ገብቶ ያገኙታል። ይህን ታሪክ የዳንቢ ደብር ቄስ የነበሩት ጆን ክሪስቶፈር አትኪንሰን ከአንዲት አሮጊት አንደበት ሰምተው በ1891 ባሳተሙት መጽሐፋቸው አስፍረውታል። በዚያው አውራጃ ባሕር ዳርቻ፣ ራንስዊክ ቤይ በተባለው መንደር አቅራቢያ ባለ ዋሻ የሚኖረው ሌላው ሆብ ደግሞ ፈዋሽ ነበር። እናቶች ትክትክ የያዘውን ልጃቸውን ታቅፈው ከዋሻው አፍ ይቆሙና ሆቡን በስሙ ጠርተው በሽታውን ከልጃቸው ላይ እንዲያነሳላቸው ይማጸኑት ነበር።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። የሃርት ሆል ሰዎች ሠራተኛቸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ተደብቀው ሲያዩት፣ ጠጉራም የሆነ ትንሽ ፍጡር ራቁቱን እህል ሲወቃ ያገኙታል፤ አዝነውም ሸሚዝ ያሰፉለታል። ሆቡ ግን ሸሚዙ የተሰፋበትን ሻካራ ጨርቅ አይቶ፣ የሚሰጡኝ ይህን ከሆነ ከእንግዲህ አልወቃላችሁም ብሎ በግጥም ተሳድቦ ይሄዳል። በሊንከንሸር የሚነገረው ተመሳሳይ ተረት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል፤ በዚያ ያለው አገልጋይ በየዓመቱ የተልባ እግር ሸሚዝ እየተሰጠው ደስ ብሎት ሲሠራ ኖሮ፣ የቤቱ ጌታ አንድ ዓመት ቆጥቦ ሻካራውን ቢሰጠው ነው የሄደው። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ተረቶች ያስቀየመው የልብሱ መናኛነት ነው።

ሬጂናልድ ስኮት የተባለው ጸሐፊ ግን፣ የጥንቆላን እምነት ለመንቀፍ በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጉዳዩን በሌላ መልክ ይተርካል። በእርሱ አገላለጽ ሮቢን ጉድፌሎው የተባለው የቤት መንፈስ ብቅልና ሰናፍጭ ይፈጫል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቤት ይጠርጋል፤ ነጭ ዳቦና ወተት የተቆረጠለት ቀለቡ ነው፤ የቤቱ እመቤት ወይም ገረዲቱ ለራቁትነቱ አዝና ከቀለቡ ሌላ ልብስ ብታስቀምጥለት ግን በብርቱ ይቆጣል። ለእኔ አሳማኝ የሚሆነው ይህ ነው። ቀለቡ የቆየ ስምምነት ስለሆነ ክብሩን አይነካም፤ ልብሱ ግን ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ ሰጪውን ጌታ፣ ተቀባዩን ችግረኛ ያደርጋል። በዚያ ዘመን የመሳፍንት ቤት አሽከሮች በጌታቸው ልብስ ይታወቁ እንደነበር ሲታሰብ፣ በፈቃዱ ይሠራ የነበረው መንፈስ ልብሱን እንደ አሽከርነት ምልክት ቢቆጥረው አያስገርምም። የሃሪ ፖተር አንባቢዎች ካልሲ ተሰጥቶት ነጻ የወጣውን የቤት አገልጋይ ዶቢን ያስታውሱ ይሆናል፤ ሐሳቡ ከዚሁ የተረት ዘር የተቀዳ ነው።

ዋቢ

የማታ ተራኪ ባቆሙበት ልቀጥል። በሼክስፒር ዘመን ስሙ ገና ክፉ አልነበረም። በ1590ዎቹ በተጻፈው የበጋ ሌሊት ሕልም ተውኔት ውስጥ፣ ፑክ የተባለው ገጸ ባሕርይ ቅቤ የምትንጥ ሴት ድካሟን ከንቱ የሚያስቀርና የሌሊት መንገደኛን አሳስቶ የሚስቅ ተንኮለኛ ቢሆንም፣ ሆብጎብሊን ብለው በቁልምጫ ለሚጠሩት ሰዎች ሥራቸውን እንደሚሠራና መልካም ዕድል እንደሚያመጣላቸው ይነገርለታል። ነገሩን የለወጠው የሃይማኖት ተሐድሶው ነው። ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መንፈስ ሁሉ ወይ መልአክ ወይ ጋኔን ነው ብለው ስላስተማሩ፣ በመካከል የነበረው የቤት መንፈስ መቆሚያ ስፍራ አጣና ከአጋንንት ወገን ተመደበ። ጆን በንያን በ1684 ባወጣው የመንገደኛው ጉዞ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ባለው መዝሙር ሆብጎብሊንና ርኩስ መንፈስ በአንድ ስንኝ ተጣምረው የእውነተኛ አማኝ ጠላቶች ሆነው ይመጣሉ። (መቼም ነገር ነገርን ያነሳዋልና፣ በ1850 ሄለን ማክፋርሌን የኮሙኒስት ማኒፌስቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ በአውሮፓ ምድር የሚዞረውን አስፈሪ ነገር ሆብጎብሊን ብላዋለች። ይህን ያነበበ ሠራተኛ ወተት ጠጪውን ሆብ አላስታወሰም ይሆናል።)

ለጨዋታው በር የከፈተው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ነው። መጀመሪያ በ1937 በታተመው ሆቢት በተባለው ልብ ወለዱ ሆብጎብሊን ለትልልቆቹ ጎብሊኖች (ጎብሊን ክፉ የተረት ፍጡር ነው) የተሰጠ ስም ሆነ፤ ደራሲው ራሱ በኋላ ዘመን በጻፈው ደብዳቤ ይህ ከጥንቱ እውነት የተገለበጠ መሆኑን አምኗል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት የመጀመሪያው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሆብጎብሊንን ትልቅና ፍርሃት የማያውቅ ጎብሊን ይለዋል። ይህ ጨዋታ ያደገው በትንንሽ ምስሎች ጦርነት ከሚካሄድባቸው ጨዋታዎች መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚፈልገው በብርታት ደረጃ የተለያየ ጭፍራ እንጂ ቤት ጠራጊ አይደለም። በ1977 የወጣው የፍጡራን መጽሐፍ ደግሞ የጃፓን ሳሙራይ የሚመስል የጦር ልብስ አልብሶ ሣለው፤ ከዚያ በኋላ ወታደርነቱ ጸና። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሁለቱን ከስም በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ባለዳይሱ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቀለቡና ስለ ልብሱ የተነገረው ለጨዋታዬ እጅግ ጠቃሚ ነው። የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ከሆነ ግን፣ የተረቱን ጠባይ ለምሽጉ አዛዥ ብሰጠው ተጫዋቾቹ ከሕጉ ውጭ ነው ብለው አይቃወሙኝም?

መንገደኛ

የዋቢ ማብራሪያ እስከ 1977 ድረስ ትክክል ነው፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም፤ የጨዋታው አዘጋጆች በቅርብ ዓመታት ወደ ተረቱ ተመልሰዋልና። በ2022 የወጣው መጽሐፍ ሆብጎብሊኖች መጀመሪያ ፌይዋይልድ በተባለው የመናፍስት ዓለም ይኖሩ እንደነበር፣ ወታደር ያደረጋቸውም ማግሉቢየት ድል አድርጎ ስለገዛቸው መሆኑን ይተርካል። ሰጪና ተቀባይን በምሥጢራዊ ማሰሪያ የሚያስተሳስረው የስጦታ ሕግ ከዚያ ዓለም ተከትሏቸው እንደመጣም ይገልጻል። በተጫዋች እጅ ያለ ሆብጎብሊን ባልንጀራውን የመርዳት ተግባር ዋና ተራውን ሳያጠፋ እንዲፈጽም የሚያስችል ችሎታ ተሰጥቶታል። በ2025 የታተመው የፍጡራን መጽሐፍም ከፌይ፣ ማለትም ከተረት መናፍስት ወገን መድቦታል። ጋሪ የሚያላቅቀውን ሆብ ለሚያውቅ ሰው ይህ አጋጣሚ አይመስልም።

ስለዚህ ተጫዋቾችዎ የሚቃወሙበት ምክንያት አይኖራቸውም። እኔ ብሆን አዛዡን ከአንድ የቆየ ስጦታ ጋር አስረው እንዲያቀርቡት እመክራለሁ፤ ለምሳሌ ከዓመታት በፊት አንዲት ገበሬ በየማታው ታስቀምጥለት የነበረውን ወተት ጠጥቶ ስለነበር፣ የእርሷን መንደር ሠራዊቱ እንዳይነካው ያዘዘ ይሁን። ተጫዋቾቹ ይህን ደርሰውበት በስጦታ ሊያግባቡት ቢሞክሩ፣ ዳይስ ከማስጣልዎ በፊት ስጦታውን እንደ ድርሻው ነው ወይስ እንደ ምጽዋት ያቀረቡለት የሚለውን ይመልከቱ። እንደ ድርሻው ካቀረቡት ስምምነቱ ይጽና፤ አዝነውለት ሻካራ ካባ ከወረወሩለት ግን መንደሩን የሚጠብቀውን ትእዛዝ ያንሳ።