ከፈረንሳይ የተላከ ነጭ ወይን በቆሮሶ አሳ ይሄዳል?

የሂርማታው
ሰላም የጅማ ልጆች። ፈረንሳይ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም በሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ልኮልናል። ላዩ ላይ «ሙስካዴ ሴቭር ኤ ሜን፣ ሱር ሊ፣ 2022» ይላል። በምን እንደሚጠጣ ደውዬ ስጠይቀው «አሪፍ ነው፣ ጠጡት» ብሎ ዘጋው። እሁድ አማቶቼ ለምሳ ይመጣሉ። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ልሥራ ትላለች፣ እኔ ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን ቆሮሶ አስቤያለሁ። ጣፋጭ ነው? ለሌላ በዓል ብናስቀምጠውስ?

አጂፕ ሰፈር
ዶሮ ወጥ ካለ ጠጅ ይበቃል። ፈረንሳዩን ለራስህ ደብቀው፣ ሃሃ።

ቡና ቀማሹ
ወንድሜ፣ ዶሮ ወጡን ለሌላ እሁድ አቆዩት። እንጀራዬ ቡና መቅመስ ነውና ነገሬ ሁሉ ወደዚያው ያደላል፤ ይሄ ወይን የታጠበ የሊሙ ቡናን ነው የሚመስለው፦ ቀለል ያለ፣ ጎምዘዝ የሚል፣ አፍ የሚያጠራ። ጣፋጭ አይደለም፣ አልኮሉም 12 በመቶ አካባቢ ነው። በርበሬ ካገኘው ጣዕሙ ይዋጥና ጉሮሮ ላይ ማቃጠሉ ብቻ ይቀራል።

አገሩ የሎዋር ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስ ወደሚገባበት ጥግ፣ ናንት ከተማ ዙሪያ ነው። ሴቭርና ሜን እዚያ የሚያልፉ ወንዞች ናቸው። የወይን ዘሩ ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። በ1709 የደረሰው ከባድ ውርጭ የአካባቢውን ተክል ሲፈጀው፣ ብርድ ይችላል ተብሎ በሰፊው የተተከለው እሱ ነው። «ሱር ሊ» የሚለው ደግሞ ከእርሾው አተላ ሳይለይ የብርዱን ወራት ከርሞ ወደ ጠርሙስ መግባቱን ይናገራል። አተላ ስል አትደንግጡ፣ ጠርሙሱ ውስጥ አታገኙትም፤ የሚተርፈው የዳቦ ነገር የሚሸት ጠረንና ምላስን ኮርኮር ማድረጉ ነው።

እነሱ ከባሕር የወጣ ዛጎል ከፍተው ጥሬውን፣ ሎሚ ጠብ አድርገው ይበሉበታል። እኛ ቆሮሶ አለን፣ ምን ጎደለን! ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጥ። ጨውና ሎሚ ብቻ አድርጋችሁ ጥበሱት።

ባለቤትህ እጇን ማሳየት ከፈለገች የናንት ሰዎች ቡር ብላን የሚሉትን ማባያ ትሥራ። የሐበሻ ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቃ፣ አቼቶና ከዚያው ወይን ጥቂት ጨምራ፣ ሊደርቅ ጥቂት እስኪቀረው ታንተክትከው። ከዚያ እሳቱን በጣም ቀንሳ፣ የቀዘቀዘ ለጋ ቅቤ በቁራጭ በቁራጭ እየጨመረች ያለ ማቋረጥ ትምታው። ከፈላ ቅቤው ይለያል፣ ስለዚህ ስልክ ቢጠራም አታንሳ። የተነጠረ ቅቤ ግን በፍጹም! ኮረሪማው ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ማስቀመጡን እርሳው። አንዳንዱ ሙስካዴ ለዓመታት የሚቆይ ቢሆንም አብዛኛው በልጅነቱ የሚጠጣ ነው፤ የእናንተውን እሁድ ክፈቱት።

አይብ በጎመን
ከአሳው በፊት ለጋ አይብ ቢቀርብስ?

ቡና ቀማሹ
ያለ ሚጥሚጣ ከሆነ ደስ ይለዋል። ሎዋርን ሽቅብ ብትከተሉት ሳንሴር የሚባል አገር አለ፣ እዚያ ነጩን ወይናቸውን ከፍየል አይብ ጋር ነው የሚጠጡት። ይሄኛው ከሳንሴር ሳሳ ይላል፣ ለለጋ አይብ ግን አያንስም።

የሂርማታው
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቆሮሶው አሸነፈ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መብራት ከሄደ በምን አቀዘቅዘዋለሁ? አማቴ ደግሞ ያለ ዳጣ አሳ አይነኩም፣ በእሳቸው ቤት ሕግ ነው።

ቡና ቀማሹ
ቅዳሜ መብራት ሳለ ሁለት ሦስት ሀይላንድ ውሃ በረዶ አድርግ። እሁድ ሰብረህ ባልዲ ውስጥ ክተትና ውሃ ሙላበት፣ አንድ እፍኝ ጨው በትንበት፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከረው። ከፍሪጅ ይፈጥናል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ እንደ ቢራ በረዶ ከሆነ ሽታው ይሞታል።

ዳጣውን ለእሳቸው ለብቻው በትንሽ ሳህን አቅርብላቸው፣ አሳው ላይ እንዳይፈስ ብቻ። ወይኑን ከዳጣው በፊት ይቅመሱት፣ ከዚያ በኋላ ቢራ ከጠየቁም አትከራከር፤ ለአንተ ይተርፍሃል።