ሮርሻክ የቦርደርላይንን መከላከያ በእርግጥ ያሳያል?

ተማሪዋ፦ ሰላም ናችሁ? ስለ ቦርደርላይን (ስሜትና ግንኙነት በጣም የሚዋዥቅበት የስብዕና ችግር) እና ስለ ሮርሻክ (የቀለም ጠብታ ያለባቸው ካርዶች እያሳዩ "ምን ይታይሃል?" የሚሉበት ፈተና) እያነበብኩ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ከርንበርግ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ከከባድ ስሜት የሚከላከሉት በስፕሊቲንግ (ለሁለት በመክፈል) ነው ይላል፤ ሰው ወይ መልአክ ነው ወይ ሰይጣን፣ መሃል ቤት የለም። እሱ ገባኝ። ግን አንዱ የቀለም ጠብታ አይቶ "የሌሊት ወፍ" ስላለ ይሄ እንዴት ይታወቃል? ሲኒ ከሚያነቡት በምን ይለያል?

ዘነበ፦ ከሌሊት ወፏማ ምንም አይገኝም 😄 ለርነር የሚባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት የሮርሻክ መለኪያ የሚያየው ሰው የታየባቸውን መልሶች ብቻ ነው። ሦስተኛውን ካርድ ውሰጂ፣ ብዙው ሰው እዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ያያል። "አንድ ነገር እያነሱ ነው" ብሎ ካለፈ አለፈ። "ይቺ የዋህ ናት፣ ያቺኛዋ ግን ልታጠፋት የመጣች ክፉ ናት" ካለ ግን ስፕሊቲንግ ተብሎ ይያዛል። ሌላው መከላከያ፣ ማንቋሸሽም ደረጃ አለው። "አስቀያሚ ሰውዬ" ቀላል ነው፤ ሰውነቱ ጭራሽ ጠፍቶ ሮቦት ሲሆን ከባዱ እሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ምን አየ ሳይሆን ያየውን ሰው ምን አደረገው ነው።

ሐኪሙ፦ ዘነበ ልክ ነው፣ ግን በዚህ ብቻ ሰው ላይ ስም እንዳትለጥፊ። አንደኛ፣ ካርዶቹ አስር ናቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሰው ካየ ምኑን ትቆጥሪያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1988 እነ ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው የሌለባቸውንም መልሶች የሚያይ ሌላ መለኪያ ያወጡት ያለ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ እኛ ጋ ጅብና ሰይጣን ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው ወሬ ነው፣ ታካሚው ስለጠራቸው ብቻ ነጥብ አትስጪ፣ ጠይቂው። ደግሞ ከርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 የጻፈው ስለ ስብዕና አደረጃጀት (ስብዕና በጥቅሉ እንዴት እንደተዋቀረ) ነው፣ ከዲኤስኤሙ (የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መጽሐፍ) ምርመራ በጣም ይሰፋል። ዲኤስኤም ከ9 ምልክቶች 5 ይፈልጋል፣ ስፕሊቲንግን በስሙ አይጠራውም፤ የሚቀርበው ሰውን እየካቡ መልሶ መናድ የሚለው ምልክት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሪፖርት በየጊዜው አያለሁ፣ ያናድዳል።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ቲኤቲ (ሥዕል እያሳዩ ታሪክ የሚያስነግሩበት ፈተና) ብጠቀምስ? ታሪክ ስለሚያስወራ ይሻላል ብዬ ነው።

ዘነበ፦ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን ታሪኮቹ ላይ መከላከያ የሚቆጠርበት የተመራማሪዋ የክሬመር ማንዋል የሚቆጥረው ሦስት ብቻ ነው፦ መካድ፣ ፕሮጀክሽን (የራስን ስሜት ሌላው ላይ መለጠፍ) እና አይደንቲፊኬሽን (የሌላውን ባሕርይ የራስ ማድረግ)። የምትፈልጊው ስፕሊቲንግ የለበትም።

ሐኪሙ፦ ቃለ መጠይቁን አስቀድሚ። "ቅድም እናቴ ቅድስት ናት ብለኸኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጠላቴ ናት አልክ፣ እንዴት ነው ነገሩ?" በይው፣ ረጋ ብለሽ። አንዳንዱ ቆም ብሎ ያስባል፣ አንዳንዱ አንቺ ላይ ይዞርብሻል። ካርዱን ከዚያ በኋላ አውጪው።