«የፈሪ ልብስ» ያልከው ሰውዬ ና እንነጋገር

የአውሮራው፦ ትናንት ማታ አንዱ ወንድማችን እዚህ ግሩፕ ላይ በድምፅ መልእክት «ብርቱካናማ ሰደርያ የፈሪ ልብስ ነው፤ አዳኝ የሚያድነው ተደብቆ ነው» ብሎ ለቀቀ። ሦስት ሰው ሳቀለት። ወደ ምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ አብረን ልንወጣ ቀን ቆርጠናል። እኔ እንዲህ ከሚያስብ ሰው ጋር አልወጣም።

ቆለኛው፦ እኔ ነኝ ያልኩት። አልመልሰውም። ቦታው ዛፍ የለው፣ ቁጥቋጦ የለው። የምናድነው ፕሮንግሆርን፣ ያ ሚዳቋ መሳይ የሜዳ እንስሳ፣ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚያይህ። እንደ መንገድ ሠራተኛ አብርቼ ልሂድለት?

የአውሮራው፦ ብርቱካናማውን እንደኛ አያየውም እኮ! እነዚህ እንስሳት ቀይና ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አይለዩም። የሚያስበረግገው እንቅስቃሴህ ነው። ዛፍ የለም ማለት ደግሞ የሳተ ጥይት የሚያቆምም የለም ማለት ነው።

እመቤት፦ ክርክሩ ራሱ ገረመኝ። ለጠብመንጃ አደን የኮሎራዶ ሕግ ያዛል። ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች የሚያበራ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ፣ ኮፍያው በሁሉም አቅጣጫ የሚታይ። ዥጉርጉሩ አይቆጠርም። ሮዝ ከ2016 ጀምሮ ተፈቅዷል። የኔ ሮዝ ነው።

ቆለኛው፦ ሮዝ! አባቶቻችን ነጭ ጋቢ ለብሰው አደኑ፤ ማንም ማንንም አልመታም።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ጋቢውን ተወው። ሚኒሶታ ሳለሁ የምናድነው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ነበር። ሲደነግጥ ጭራውን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ ከሩቅ የምታየው ያንን ነጭ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት በርዶኝ ነጭ ሻሽ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። ሽማግሌው ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ፈቶ ኪሱ ከተተው።

ቆለኛው፦ እሺ ጋሼ። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ዲክ ቼኒ በ2006 ቴክሳስ ውስጥ ድርጭት ሲያድን ጓደኛውን ሲመታውስ? ሰውዬው ብርቱካናማ ለብሶ ነበር። የፈሪው ልብስ ምን ፈየደለት?

የአውሮራው፦ የወደቀች ድርጭት ሊፈልግ ከመስመሩ ወጥቶ ሲመለስ ነው የተመታው። ቼኒ ወፏን እየተከተለ አፈሙዙን አዞረ፤ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ነበረች። ሰደርያ ለብሰሃል ተብሎ የት እንዳለህ መናገር ይቀራል ያለ የለም። ለሁለቱም ነው የምከራከረው።

እመቤት፦ ይባስ ብሎ ተመቺው ነው ከሆስፒታል ወጥቶ ቼኒ ለደረሰበት ነገር አዝናለሁ ያለው 😂

አራት ኪሎ፦ ሥጋው ከኅዳር 15 በፊት ይድረስልን እንጂ ልብሱን እንደፈለጋችሁ። ጾም ከገባ ፍሪጅ ሙሉ ሥጋ እያየሁ አልቀመጥም።

ቆለኛው፦ ይሄውላችሁ፣ ለሰላም ብዬ እለብሳለሁ። በደረቴ ስሳብ ግን አወልቃለሁ።

የአውሮራው፦ እሱ እኮ ነው የባሰው! ሣር ውስጥ የተኛህ ሰዓት ነው መታየት ያለብህ። ደግሞ ፈሪ ለናቱ ይባል የለ? እኔ እናት አለችኝ።

ጋሼ፦ አምና እዚያው ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ከሊሞን ከተማ ወዲያ የሆነውን ልንገራችሁ። ሣር ውስጥ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ባይኖኩላሬን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ፤ በስኮፕ፣ ጠብመንጃው ላይ ባለው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ አየሁት። የጫማ ሶል ነው። ሰውዬው ሰደርያውን አውልቆ አጠገቡ አጣጥፎታል፤ እየተሳበ ነው። ጣቴ ቃታው ላይ አልነበረም። ቢሆንም እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ቆለኛው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስኮፕ ሰው ላይ ያነጣጠሩት እርስዎ ነዎት። ጥፋቱ የልብሱ ነው የባይኖኩላሩ?

ጋሼ፦ የኔም ነው። አልካድኩም።

የአውሮራው፦ ትልቅ ሰው አምኖ ሲናገር እንዲህ ነው የምትይዘው? ፈሪ ማለት ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ቆለኛው፦ «ጥፋቱ የኔም ነው» ያሉት እሳቸው! አንተ ምን አገባህ?

እመቤት፦ ቆይ፣ በማን መኪና ነው የምንሄደው?

የአውሮራው፦ በኔ። ሰደርያ ያልያዘ አይሳፈርም።

ቆለኛው፦ የራሴ መኪና አለኝ።