በወር አበባ ቀናት ደንበኛ ለምትቀበል የወሲብ ሠራተኛ፦ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም?

ጥያቄ፦ በሥራ ሰዓት ደሙን የሚይዝልኝ ምን ላድርግ? ጥጥ ወይም ሶፍት ይሆናል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ጥጥና ሶፍት በፍጹም! ይበጣጠሳሉ፤ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ይሸታል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ታምፖንም (ብልት ውስጥ የሚገባ የወር አበባ መያዣ) በግንኙነት ጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ለዚሁ የተሠራ፣ ለየብቻው የታሸገ ለስላሳ ስፖንጅ ይሻላል። እጅሽን ታጠቢ፣ ውሃ ላይ በተመሠረተ ማለስለሻ አርጥበሽ አስገቢው። ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ አጥበሽም አትድገሚው።

መልስ 2፦ ኮንዶም ግን አይቀርም። ስፖንጅ ኤችአይቪንም እርግዝናንም አይከላከልም። ቫዝሊንና ዘይት ላቴክሱን (ኮንዶሙ የተሠራበትን ላስቲክ) ስለሚያዳክሙ ኮንዶሙ ይቀደዳል።

መልስ 3፦ አልወጣ ካለ ቁጢጥ በይ፣ ወደ ታች አምጪ፣ በሁለት ጣት ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። እምቢ ካለ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ሽፍታ ወይም ራስ ማዞር ከመጣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል፤ ስፖንጅ እንደነበረም ንገሪያቸው።